የኩኩክ ዶሮ በጓሮ እርባታ፦ የአንድ ዓመት ተኩል ልምድ

ለዓመታት የሐበሻ ዶሮ ሳረባ ከቆየሁ በኋላ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ቢሾፍቱ አካባቢ ካለ አንድ ጫጩት አሳዳጊ ዘንድ 30 የ45 ቀን ኩኩክ ገዛሁ። ይህ ዝርያ ከ1950 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ዓመታት በደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም በተባለች ከተማ፣ ጥቁር አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርንን ከመሳሰሉ ዶሮዎች ተዳቅሎ፣ ለእንቁላልም ለሥጋም እንዲሆን በምርጫ የተገኘ ነው።

ቅሬታዬን ላስቀድም። ሁሉም ሴቶች ናቸው ተብዬ የከፈልኩባቸው ቢሆንም ሰባቱ አውራ ሆነው ተገኙ። የኩኩክ ወንድ ገብስማነቱ ከሴቷ ፈካ ያለ ስለሆነ፣ በተፈለፈለበት ቀንም በጭንቅላቱ ላይ ባለው ነጭ ነጠብጣብ ስለሚለይ፣ ይህ በቀላሉ ሊታረም የሚችል ስሕተት ነበር።

ዶሮዎቹ ግን አላሳፈሩኝም። በአምስተኛው ወር መጨረሻ መጣል ጀመሩ፤ በደህናው ወቅት ከ23ቱ በቀን 15 ወይም 16 ቡናማ እንቁላል እሰበስባለሁ። የሐበሻ ዶሮ እየጣለች፣ እየታቀፈችና ጫጩት እያሳደገች በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ እንደምትሰጥ ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። አውራዎቹም ለፋሲካ ሲታረዱ ሥጋቸው የዶሮ ወጥን ረጅም ማብሰል ችሎ አልተፈረካከሰም።

እንቁላል ብቻ ለሚሸጥና መኖ የመግዛት አቅም ላለው ቦቫንስ ብራውን የተባለው የእንቁላል ዶሮ ይበልጣል። ነገር ግን እሱ ዲቃላ በመሆኑ ልጆቹ የእናታቸውን ምርት አይደግሙም፤ አርቢውም መንጋውን ለመተካት ሁልጊዜ ገዢ ሆኖ ይቀራል። ኩኩክ ራሱን የቻለ ዝርያ ስለሆነ ዘሩን በገዛ ጓሮ ማስቀጠል ይቻላል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩለት ይህንን ነው። የእኔዎቹ ለመታቀፍ ስለማይፈልጉ 12 እንቁላል ለአንዲት የሐበሻ እናት ዶሮ አስታቅፌ አሥሩ ተፈልፍለዋል። እንቁላሎቹን የወሰድኩት በእግራቸው ላይ ቀለበት አስሬ፣ እንቁላል የሚጥሉበትን ሣጥን እየጠበቅሁ በጽሑፍ ከመዘገብኳቸው አራት የተሻሉ ጣዮች ብቻ ነው። ፈንግል ለተባለው የዶሮ በሽታ በየጊዜው ማስከተብ ግን ለዚህም ዝርያ አይቀርም።

አሁን ከአሥሩ መካከል ያሉት ቄቦች መጣል ሊጀምሩ ተቃርበዋል፤ ከእኅቶቹ ጋር እንዳይዳቀል ብዬም አብሯቸው የተፈለፈለውን አውራ ከሌላ አርቢ አውራ ጋር ተለዋውጫለሁ።