መብራት ሲሄድ ራሱ የሚነሳው የአየር ፓምፕ፦ ለአዲስ አበባ የባሕር አኳሪየም

የባሕር አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ስለ ዕቃ ሲያወሩ ብርሃኑ ይቀድማል። የትኛው ኤልኢዲ ይሻላል፣ ስንት ዋት ይበቃል፣ ሰማያዊው ምን ያህል ይድመቅ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን መዳፍ ላይ ስለሚያርፍ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነው። ውስጡ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ማንም ሳይነካው ይነሳል። መብራት ሲመጣ ያቆምና ባትሪውን መሙላት ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ኮራል (አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ለማኖር ለሚያስብ ሰው፣ ከኤልኢዲውም ከስኪመሩም (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው ከሚያወጣው ዕቃ) በፊት ግዛ የምለው ይህንን ነው።

ምክንያቴ ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር ከ6 ሚሊግራም ተኩል በላይ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ያንኑ ውሃ አራት ኪሎ አምጥታችሁ ብታስቀምጡት የሚይዘው 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ጨው የሌለው ውሃ በዚያው ሙቀት በባሕር ጠረፍ ላይ ከ8 በላይ ይይዛል። ጨውም ሙቀትም ከፍታም እየተባበሩ ነው የሚቀንሱት። ስለዚህ የእኛ አኳሪየም ሁሉ ነገር በደህና እየሠራ እያለም መጠባበቂያው ትንሽ ነው። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ "ለጥቂት ሰዓት ችግር የለውም" የሚለውን ስታነቡ፣ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው መሆኑን አስቡ።

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ዓይኔ ከኦክስጅን ቁጥር ላይ አይነሳም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቤቴ ስገባም መጀመሪያ የማየው ዓሣዎቹ እንዴት እንደሚተነፍሱ ነው።

አኳሪየሜ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። 90 ሊትር ይይዛል። ከነድንጋዩና ከነነዋሪዎቹ የገዛሁት ከአገር ከሚወጣ የውጭ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የነበሩኝ ወርቃማ ዓሣና ጉፒ ናቸው። አሁን ሁለት ክላውንፊሾች (ብርቱካናማና ነጭ የሆኑ ትንንሽ የባሕር ዓሣዎች) እና ለስላሳ ኮራሎች አሉኝ። ትልቋ ክላውንፊሽ ሴቷ ናት። ክላውንፊሽ ሲፈለፈል ሁሉም ወንድ ነው፤ በኋላ ከጥንዱ የሚገዝፈው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ድንጋይ የሚሠሩት ጠንካራ ኮራሎች ውስጥ አልገባሁም። ድንበር ለማሻገር ዓለም አቀፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የውሃውን ካልሲየምና አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) በየጊዜው መለካትም ይፈልጋሉ። ለስላሳዎቹ ይበቁኛል። ብርሃን ሲበራ እጃቸውን ሲዘረጉ ማየት ከሥራ መልስ ያለኝ ትልቁ ደስታ ነው።

ፓምፑ ከመምጣቱ በፊት መብራት ሲጠፋ ሥራው የባለቤቴ ነበር። እኔ ብዙ ሌሊት ተረኛ ነኝ። እሷ ከእንቅልፏ ተነስታ በኩባያ ውሃ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሳለች። ይህ እውነተኛ ዘዴ ነው፤ ሌላ ምንም ከሌላችሁ አድርጉት። ውሃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ግን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኩባያ ይዞ ሊቆም አይችልም። ነገ ሥራ አላት።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ዘንድ ስትሰነብት ፓምፑን አይታ፣ "ልጄ፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ እያለ አየር ምን ያደርግለታል?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ እንግዳ ሊጠይቀኝ ፈልጎ የሚተወው። "እማዬ፣ እሱም እንደኛ ኦክስጅን ይፈልጋል። እኛ ከአየሩ እንወስዳለን፤ እሱ ውሃ ውስጥ የሟሟውን በስንጥቡ ይወስዳል" አልኳት። "የወሰደው በምን ይተካል ታዲያ?" አለች። የሚተካው በውሃው ገጽ በኩል ነው። ውሃው ሲንቀሳቀስ፣ ከታች ያለው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ይመለሳል። ፓምፖቹ ቆመው ገጹ ዝም ካለ መተካቱ በጣም ይዘገያል። መውሰዱ ግን አይቆምም። ዓሣው ይወስዳል። ድንጋዩ ውስጥ ያሉት፣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች ይወስዳሉ። ኮራሉም ይወስዳል። ቀን ላይ ኮራል ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ሲጨልም ግን ሁሉም ተጠቃሚ ነው። ለዚህ ነው የሌሊት መጥፋት ከቀኑ የሚከፋው። ዓሣዎቹ ወደ ገጹ ተጠግተው ስንጥባቸውን ቶሎ ቶሎ ሲያንቀሳቅሱ ካያችሁ ጊዜ አትስጡ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። እውነት ነው፣ በኅዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ሂተሩም ቆሟል። ነገር ግን 90 ሊትር ውሃ በአንዴ አይቀዘቅዝም። መስተዋቱን በጋቢ ጠቅልላችሁ ከላይ ክፍት ብትተዉት ብዙ ሰዓት ይቆይላችኋል። ደግሞ ትንሽ የቀዘቀዘ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሙቀት። ብርሃኑ ጭራሽ አያስቸኩልም፤ ኮራል አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ቢያድር አይሞትም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ባትሪው 4,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በዩኤስቢ ይሞላል፤ የማንኛውም ስልክ ቻርጀር ይሠራል። ሁለት አሠራር አለው። አንዱ ሳያቋርጥ ይነፋል፤ ሌላው ጥቂት ሴኮንድ ነፍቶ ጥቂት ሴኮንድ ያርፋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ረጅም ሰዓት የዚህ የሚያርፈው ነው፤ በዚህ አትታለሉ። ሳያቋርጥ ሲነፋ ሙሉ ባትሪ ከማታ እስከ ንጋት ወስዶልኛል። ለእኔ ይህ ይበቃል። በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ይነፋል የሚለውም ቁጥር እዚህ ሲደርስ ዋጋው ይቀንሳል። ሊትሩ ያው ሊትር ነው፤ የእኛ አየር ግን የሳሳ ስለሆነ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል። ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዙ።

ድምፁ አለ። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ካስቀመጣችሁት እንጨቱ ያስተጋባል፤ ስፖንጅ ላይ አስቀምጬው ተሻለኝ። የቻርጁ ሰማያዊ መብራት ደግሞ ሳሎኑን ሌሊት ያበራዋል። ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።

ከነዚህ ይልቅ ልትጠነቀቁበት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ፓምፑ የሚያውቀው የተሰካበትን ሶኬት ብቻ ነው። ዋናው ፓምፕ የተሰካበት ዲቫይደር ቢቃጠል፣ ይህ ግን ሌላ ሶኬት ላይ ቢሆን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተኝቶ ያድራል። ሁለቱን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ሌላው የእኛ ከተማ ጉዳይ ነው። አንዳንዴ መብራት ፈጽሞ አይጠፋም፤ ኃይሉ ብቻ ይወርዳል። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ዋናው ፓምፕ ማሽከርከር ያቅተዋል፣ ቻርጀሩ ግን በዚያችው ኃይል መሥራቱን ይቀጥላል። ያኔ ይህ ፓምፕ አይነሳም። ሠሪዎቹ ይህን አላሰቡበትም፤ ትልቁ ጉድለቱ እሱ ነው። እኔ ዲቫይደሩን ኃይል ሲወርድ በሚያቋርጥ ስታቢላይዘር ላይ አድርጌዋለሁ። እሱ ሲያቋርጥ ፓምፑ ይነሳል።

ጨዋማ ውሃ ላይ የአየር ጠጠር (ቱቦው ጫፍ ላይ ተሰክቶ አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚበትነውን) አትጠቀሙ። የባሕር ውሃ አረፋው እጅግ ደቃቅ ይሆናል፤ ገጹ ላይ ሲፈነዳ ጨው ይረጫል። በማግስቱ ኤልኢዲው፣ ገመዱ፣ ግድግዳው ሁሉ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ጨውና ኤሌክትሪክ ደግሞ አይስማሙም። ጠጠሩን አውጥቼ ቱቦውን ባዶውን ከገጹ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነው የምተወው። አረፋው ትልልቅ ነው፤ ሥራውም ገጹን ማነቃነቅ ስለሆነ ይበቃል። የሶኬት ገመድ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ሶኬቱ እንዲወጣ አድርጉ። የተንጠባጠበ ውሃ ከታችኛው ጫፍ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

"ለምን የኮምፒውተር ዩፒኤስ አትገዛም?" የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ይህ በሒሳብ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባለ 100 ዋት ሂተር ከሰካችሁበት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ፓምፕ ብቻ ብትሰኩበት ይሻላል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። አቅም ካለ ትክክለኛው መፍትሔ ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 60 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 360 ዋት ሰዓት ይሰጣችኋል። 10 ዋት የሚወስድ የሞገድ ፓምፕ ከአንድ ቀን በላይ ያዞርላችኋል። ጥሩ ነው። ግን ዋጋው ሌላ ነው፣ ክብደቱ ሌላ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ማውጣቱም አለ። ጄኔሬተር ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አላነሳም፤ ጎረቤት አለ፣ ጭስም አለ።

ይህ ፓምፕ የወሰደብኝ ገንዘብ የአንድ ባልዲ የባሕር ጨው እኩሌታ አይሞላም። ጨዋችን ደግሞ የማያልቅ ወጪ ነው፤ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል፣ ውሃ በተቀየረ ቁጥር ከባልዲው ይቀነሳል። ፓምፑን የገዛሁት አንዴ ነው። ከሕይወት ዋስትና ዋጋ ጋር ሳመዛዝነው የሚቆጨኝ ነገር የለም።

እዚህ ከተማ ውስጥ ሱቅ ላይ ስላላገኘሁት ያመጣልኝ ከዱባይ የሚመላለስ ዘመዴ ነው። ለሰው ስታዝዙ ሦስት ነገር ንገሩት። ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳውን ይግዛ። ቁልፉ ካልተነካ የማይሠራ ተመሳሳይ ዕቃ ሞልቷል፤ ሌሊት ሰው ለሌለበት ቤት እሱ ጥቅም የለውም። ሲመጣ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ሊቲየም ባትሪ በዕቃ ክፍል ማስገባት ያከራክራል። ደግሞ ከቱቦው ጋር የማይመልስ ቫልቭ ይግዛ። ይህች ቫልቭ ካርቶኑ ውስጥ የለችም፤ መኖር ነበረባት። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በቱቦው ተስቦ ወደ ኋላ ይመጣል። ፓምፑ ከውሃው ገጽ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መጀመሪያ እሱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ይፈሳል። እኔ ቫልቩም አለኝ፣ ፓምፑንም ከአኳሪየሙ በላይ መደርደሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለሁለተኛው ጥግ ሌላ ፓምፕ አዝዣለሁ፤ ከነቫልቩ።