ስስ ሶል ያለው የወንድ መሮጫ ጫማ፦ ሳልቫጅ ሜረል፣ አዲስ የቻይና ወይስ ባለ ጣት ኮፒ?

«የት ገዛኸው? ስንት ነው?» ስስ ጫማ አድርጎ የሚሮጥ ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ጠዋት መስቀል አደባባይ የምንገናኝ ልጆች ይጠይቁኛል፣ ጃንሜዳ ይጠይቁኛል፣ ቢሮም ይጠይቁኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጓደኛዬ መሀል ከተማ ካለ ሱቅ በ2,400 ብር የገዛው ጫማ ወር ሳይሞላው አፉን ከፈተ። ብሩ አንገበገበኝ። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ላይ ልጻፈው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። ያገለገለ ግን ኦሪጅናል የሆነ፣ የአሜሪካው ሜረል የሚሠራውን ቬፐር ግለቭ የሚባል ስስ ጫማ ከሳልቫጅ ፈልጋችሁ ግዙ። እሱ ከጠፋ አዲስ የቻይና ሳጉዋሮ ወይም ዊቲን ያዙ። ቪቮቤርፉት ግሩም ጫማ ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ገበያውን የሞላውን ባለ ጣት ኮፒ፣ ማለትም እንደ ጓንት ጣት ሁሉ ለየብቻው የሚገባበትን፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትሩጡበት።

ወደ ዋጋው እንግባ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። አሁን ለስሌት እንዲመቸን 150 ብር እንበለው። ቪቮቤርፉት ፕራይመስ ላይት ውጭ አገር 160 ዶላር አካባቢ ነው፤ 24,000 ብር መጣ። ዜሮ ሹስ የሚባለው ሌላ ስስ ጫማ 120 ዶላር ቢሆን 18,000 ብር። አዲስ ቬፐር ግለቭ 100 ዶላር ቢገኝ 15,000 ብር። ሳጉዋሮና ዊቲን 40 ዶላር ገደማ ናቸው፤ 6,000 ብር። ይሄ ሁሉ እዚያው ያለው ዋጋ ነው። በሰው ካስመጣችሁ የኪሎ ይጨመራል፣ በነጋዴ ካስመጣችሁ የነጋዴው ትርፍ ይጨመራል። የ6,000ው ጫማ በቴሌግራም 8,500 ሲባል ያየሁት ለዚህ ነው።

አሁን ሳልቫጁን እዩ። መርካቶ ያገለገለ ጫማ የሚሸጡት ልጆች ለቬፐር ግለቭ 3,500 ብለው ይጀምራሉ። ትንሽ ከተከራከራችሁ 2,500 ይገባል፣ ሶሉ ፊት ለፊት በልቶ ከሆነ 2,000ም ይገኛል። ኮፒውስ ስንት ነው? ከ1,800 እስከ 2,500። በዚያው ብር ኦሪጅናል እያለ ሰው ለምን ኮፒ ይገዛል? «አዲስ» የሚለው ቃል ስለሚያሸንፈው ነው። ከነካርቶኑ፣ ከነወረቀቱ ሲሰጡት ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ያገለገለ መሮጫ ጫማ አይገዛም ሲባል ሰምታችኋል። ለወፍራም ጫማ እውነት ነው። ወፍራሙ ጫማ ስራውን የሚሰራው በስፖንጁ ነው። ስፖንጁ ደግሞ በሩጫ ብዛት እየተጨፈለቀ ይሞታል፣ መሞቱም ከላይ አይታይም። ጫማው ታጥቦ፣ ተወልውሎ አዲስ ይመስላል፤ ስትሮጡበት ግን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ስስ ጫማ ላይ የሚሞት ስፖንጅ የለም። ቬፐር ግለቭ ከታች ስስ የቪብራም ጎማ፣ ከላይ መረብ ጨርቅ ነው፣ አለቀ። ውፍረቱ ሁሉ ተደምሮ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የሚያልቀው ነገር ሁሉ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ሳልቫጅ ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ጫማ አላውቅም።

ስታገኙት እንዲህ እዩት። መጀመሪያ ገልብጡትና ከትልቁ ጣት ስር ያለውን ሶል በአውራ ጣት ተጫኑ። ጎማው እንደ ወረቀት ከሳሳና የውስጡ ጨርቅ ከተሰማችሁ ተዉት። ቀጥሎ ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ጫማውን እጠፉት፤ ጎማውና ጨርቁ የተጣበቁበት ጠርዝ ላይ ክፍተት ካለ እዚያ ይታያል። ትንሽ ክፍተት ችግር የለውም፣ ዋጋ መቀነሻ ይሆናችኋል። ሶሉ ስር ስምንት ማዕዘን ያለው ቢጫ የቪብራም ምልክት አለ፤ በጥፍር ስትፍቁት እንደ ቀለም ከተላጠ ኮፒ ነው። በመጨረሻ ምላሱ ስር ያለውን ታግ አንብቡ። ሜረል የሞዴል ቁጥሩን «ጄ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩን እዚያው ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። የሚመጣው ፎቶ የያዛችሁት ጫማ ካልሆነ፣ ቀለሙም ካልገጠመ፣ አመስግናችሁ ሂዱ። ታጉ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነም እኔ አልገዛም።

ትሬይል ግለቭ የሚባለውን ካያችሁ ወንድሙ ነው። መሀሉ ላይ ስስ ስፖንጅ ስላለው ከቬፐሩ ትንሽ ይወፍራል። እንጦጦ ድንጋይ ላይ ለሚሮጥ እሱ ይሻላል። ኮሪደር ልማቱ ባነጠፈው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ለሚሮጥ ቬፐሩ ይበቃል።

ወደ ኮፒው ልመለስ፣ ምክንያቱም የጓደኛዬን ጫማ ቁጭ ብዬ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ሻጩ «ብራዘር፣ ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው» ብሎታል። የውስጡን ንጣፍ ሳወጣ ከስር ተረከዙ ላይ ሌላ ስፖንጅ ተለጥፏል። ተረከዙ ከፊቱ በአንድ ጣት ውፍረት ከፍ ይላል። ስስ ጫማ የሚባለው ዋናው ነገሩ ተረከዝና ጣት እኩል መሬት መንካታቸው ነው፤ ይሄ ገና ከመነሻው ያንን አጥቷል። ማስቲሹ በነጠብጣብ ነው የተቀባው፣ መሀሉ ደረቅ ነው። ሶሉ ጎማ ሳይሆን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ስታጥፉት ነጭ መስመር ያወጣል። ጣቶቹን የሚለዩት ስፌቶች ደግሞ ወደ ውስጥ ስለወጡ ትንሹ ጣቱን አቁስለውታል። 2,400 ብር!

የባለ ጣቱ ጫማ ኦሪጅናል የጣልያኑ ቪብራም የሚሠራው ፋይቭ ፊንገርስ ነው። እሱ እውነተኛ ጫማ ነው፣ የሚወዱት ሰዎችም አሉ። ግን ሻጮቻችን «ለጉልበት ያድናል፣ የእግር ጡንቻ ያጠነክራል» እያሉ ስለሚሸጡት አንድ ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። ኩባንያው ራሱ እንዲህ ዓይነት የጤና ጥቅም በማስታወቂያ በመናገሩ አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ጥፋቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሠሪው ፍርድ ቤት ቆሞ ያልተሟገተለትን ነገር የሱቅ ልጅ ሲምልላችሁ አትመኑ። ኦሪጅናሉን ብታገኙም ለኛ ገበያ አልመክረውም። ጣት ሁሉ ለየብቻው መግጠም አለበት፣ ስለዚህ ሳልቫጅ ውስጥ በልክ ማግኘት ሎተሪ ነው። ሲቀደድም በጣቶቹ መሀል መርፌ የሚያስገባ ጫማ ሰፊ አላገኘሁም።

ሳጉዋሮና ዊቲን አዲስ ካልሆነ ለማይል ሰው ናቸው። ፊታቸው ሰፊ ነው፣ ተረከዛቸው እኩል ነው፣ ቅርፁን አልሸወዱም። የኔ ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሶላቸው ክረምት ላይ ያዳልጣል። ደረቅ አስፋልት ላይ ምንም አይሉም፣ የረጠበ ንጣፍ ድንጋይ ላይ ግን ኩርባ ስትዞሩ ቀስ በሉ። ሁለተኛ፣ ትንሹ ጣት ጋ ያለው መረብ ቶሎ ይበሳል። ጨርቁ ስስ ስለሆነ የተሰፋበት ጎን ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። በ6,000 ብር ደህና ናቸው፤ 8,500 ሲሏችሁ ግን ትታችሁ መርካቶ ሂዱ።

ስለ ቪቮቤርፉት ብዙ አልልም። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያለ ወንድም ካላችሁና «ምን ላምጣልህ?» ካለ፣ እሱን በሉት። በራስ ገንዘብ 24,000 ብር አውጥቶ ማስመጣት ግን አይዋጥልኝም።

ጥገናው ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ጫማው የሚበላሸው እዚያ ነው። የኛ ጫማ ሰፊዎች እጃቸው የተባረከ ነው፣ ግን የለመዱት ወፍራም ሶል ነው። ወፍራሙን በጎኑ ቦይ አውጥተው ዙሪያውን ይሰፉታል፣ ክሩ ቦዩ ውስጥ ይደበቃል። ስሱ ጫማ ለቦይ የሚሆን ውፍረት የለውም። ከተሰፋ ክሩ ከስር ወጥቶ አስፋልት ይነካል፣ በጥቂት ቀን ተበልቶ ይበጠሳል፣ ቀዳዳዎቹ ደግሞ ለውሃ በር ይሆናሉ። ስለዚህ «ጋሼ፣ አይሰፋ፣ በማስቲሽ ብቻ ይሁን» በሏቸው። ሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ማስቲሹ ሁለቱም ላይ ይቀባና እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ይድረቅ። ከዚያ ይገጠምና በመዶሻ ይመታ። ብዙዎቹ ሳይደርቅ ስለሚገጥሙት ነው የሚላቀቀው። አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እኔ ለአንድ ጥንድ 150 ብር ነው የምከፍለው።

ሌላው አደጋ ደግነት ነው። ሶሉ መሳሳቱን ሲያዩ «ልጄ፣ ከስር ጎማ ልጨምርልህ» ይሏችኋል። ከጨመሩበት ጫማው ይደርቃል፣ አይታጠፍም፣ የገዛችሁበት ምክንያት ይጠፋል። ግድ ከሆነ ከፊት በኩል ብቻ፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ አስለጥፉ።

አንዳንዱ ደግሞ «አበበ ቢቂላ ያለ ጫማ አልሮጠም እንዴ?» ይለኛል። ሮጧል፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ አሸንፏል። ቶኪዮ ላይ በ1964 ግን ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ፈጣኑ ባለ ጫማው ነው። ስለዚህ ስስ ጫማ ያፈጥነኛል ብላችሁ አትግዙ። እኔ የምወደው መሬቱ ስለሚሰማኝና ጣቶቼ ስለማይጨናነቁ ነው። ዕድሜ ልኩን ወፍራም ጫማ ያደረገ ሰው በአንድ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ቢሮጥበት ባቱና የተረከዙ ጅማት ይቀጡታል። ጃንሜዳ ሳር ላይ ከአንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ጀምሩ፣ በቀሩት ቀናት የድሮ ጫማችሁን አድርጉ፣ ለወራት ታግሳችሁ ጨምሩ። ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ባይሞክረው ይሻላል፤ ጠጠር ቢወጋው ላይሰማው ይችላል።

በረባሶስ? በረባሶ ለመራመድ የሚያህለው የለም፣ ጥገናም አይፈልግም። ከአሮጌ ጎማ ሶል እየሠራ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባን ስም በውጭ ያስጠራው ሶልሬብልስም ከዚያው ባህል ነው የወጣው። ለሩጫ ግን የመኪና ጎማ ይከብዳል፣ ጠጠርም ይገባል።

ለመግዛት ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ቤት ውስጥ ካልሲ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ቁሙና እግራችሁን በእስክሪብቶ ዙሩት። ከፊት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ጨምራችሁ ቁረጡትና ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። መርካቶ ላይ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጡና ወረቀቱን አስገቡ፤ ጠርዙ ከታጠፈ ጠቧችኋል። ንጣፍ ከሌለውም እንዲሁ አስገቡት። የታጉን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ሳልቫጅ በመታጠብ ብዛት ይሸበሸባል። ጠዋት ሂዱ፣ ቦንዳው ሲፈታ ጥሩ ጥሩው ያኔ ይወጣል። ብሩን ለሁለት ኪስ ክፈሉት፣ 2,000 በአንዱ፣ 500 በሌላው። ድርድሩን ከ2,000ው ኪስ ጀምሩ።