ልጄን ከቤንዚን ሽታ የገላገለልን መካኒክ፣ እጅህ ይባረክ

ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት መኪና ልጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የኛ 2003 ሞዴል ኮሮላ መሽተት የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ሽታው የሚመጣው ከኋላ ወንበር በኩል፣ ልጄ ከምትቀመጥበት። በዚያ ዝናብ መስኮት ከፍተን ነበር የምንሄደው።

ጋራዥ ያልዞርንበት የለም። አንዱ የቤንዚን ፖምፓው ሞቷል ብሎ አዲስ አስገዛን፤ ሽታው ጭራሽ ባሰ። ሌላው ሲሊኮን ለጥፎ ብሩን ተቀበለ። ተመልሰን ስንሄድ "አፍንጫችሁ ነው" ተባልን። ልጅ ለያዘች እናት እንዲህ ይባላል? እስካሁን ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ቤት ለቤት የሚሠራ መካኒክ ልጅ ጠቆመችን። አያት ሰፈር እኛ ቤት ድረስ መጣ። እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ ነበር። ገና ከመግባቱ "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከሰሉን ያርቁልኝ፤ ቤንዚን ነው የምከፍተው" አላት። ከዚያ ባትሪውን ነቀለ። ልቤ ያረፈው እዚያ ጋ ነው። ከሱ በፊት የከፈቱት አንዳቸውም እንዲህ ሲጠነቀቁ አላየሁም።

የኋላ ወንበሩን አንስቶ ከስሩ ያለውን የቤንዚን ታንከር ክዳን አሳየኝ። አንዱ ብሎን ጥርሱ እስኪበላ ጠብቋል፣ ሌላው በጣት ይዞራል። ከክዳኑ ስር ቤንዚኑ እንዳያልፍ የሚይዘው ጎሚኒ ተጨፍልቆ ተሰንጥቋል። ጎሚኒውንም የተበላውን ብሎንም ቀየረ። ሁሉንም መጀመሪያ በጣቱ አስገባ። ከዚያ ቶርክ ሬንች በሚሉት፣ የማጥበቂያውን ልክ በሚለካ ቁልፍ አንዱን ሲያጠብቅ ወደ ትይዩው እየዞረ፣ ቀስ እያለ። የፋብሪካውን ልክ ስልኩ ላይ ከፍቶ ያያል። ቁልፉ ቀጭ ሲል እጁን ያነሳል። "ይሄ ጉልበት አይፈልግም እህቴ፣ ሲበዛበት ጎሚኒውን ይገለዋል" አለኝ።

ባትሪውን መልሶ ሞተሩን አስነስቶ የክዳኑን ዙሪያ በሶፍት ጠረገና ሶፍቱን ሰጠኝ። ደረቅ ነው። አሸተትኩት፣ ምንም የለም። እንባዬ መጣ።

የዕቃና የእጁን ብቻ ነው የተቀበለው። ጨምሬ ብሰጠው እምቢ አለ፣ ቡናውን ግን ጠጣ። በማግስቱ ደውሎ "ሽታ አለ እንዴ?" አለኝ። ብር ከተቀበለ በኋላ ማን ይደውላል? እናቴ ስሙን ከጸሎቷ አታጠፋም።

እባካችሁ መኪናችሁ የሚሸት ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ለዚህ ልጅ አሳዩት። ቁጥሩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትደውሉ ሞዴሉን ንገሩት፣ ጎሚኒውን ገዝቶ ይዞ ይመጣል።