«ዲፈረንሻሉ ታድሷል፣ ኤል ኤስ ዲ አለው» ብለው የሚሸጡላችሁን የስፖርት መኪና ተጠንቀቁ

ያገለገለ የስፖርት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋውን ወደ ላይ የሚጎትቱ ሁለት አባባሎች አሉ። አንደኛው «ኤል ኤስ ዲ አለው»፣ ሁለተኛው «ዲፈረንሻሉ ታድሷል» ነው። ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍል፣ መታጠፊያ ላይም በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ የማርሾች ስብስብ ነው፤ ኤል ኤስ ዲ (ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል) ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ ዓይነቱ ነው። ሁለቱንም ለመናገር ምንም ወጪ የለውም። ዲፈረንሻል መኪናው ሆድ ሥር ተዘግቶ የተቀመጠ ዕቃ ስለሆነ ገዢው ሞተሩን ሰምቶ፣ ቀለሙን ዳብሶ፣ ይህን ግን በእምነት ይቀበላል። በኋላ ሲያገሳ ወይም አንዱ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር የሚወጣው ገንዘብ ከድርድሩ ላይ የተቀነሰውን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዲፈረንሻሉን በእጃችሁ አዙሩት፣ በጆሯችሁ ስሙት፣ ዘይቱንም አይታችሁ አሽትቱት።

መጀመሪያ ግን ሻጩ መኪናውን አስነስቶ ሰፈር አዙሮ እንዲመልሳችሁ አትፍቀዱ። ብዙ የኋላ ዲፈረንሻሎች የሚሠሩት ውፍረቱ 75ደብሊው-90፣ ደረጃው ጂኤል-5 በሆነ የማርሽ ዘይት ነው። ያለቀ ኩሽኔታና የተበላ ጥርስ ያለበት ዲፈረንሻል ውስጥ ከዚያ የወፈረ 85ደብሊው-140 ወይም የማወፈሪያ ቅልቅል ከተጨመረ ጩኸቱ ለጊዜው ይታፈናል። ቀዝቃዛ ዘይት በራሱም ወፍራም ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የሚነግሯችሁ ነገር የለም። ቢያንስ 30 ደቂቃ ተነድቶ፣ ዲፈረንሻሉ በደንብ ሲሞቅ ነው እውነቱ የሚሰማው። ሻጩ ለረጅም ሙከራ ፈቃደኛ ካልሆነ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ሲሞቅ ሬዲዮውን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ በቀጥተኛ መንገድ ከ60 ወደ 90 ቀስ ብላችሁ ነዳጅ እየሰጣችሁ ውጡ። ከዚያ ከማርሽ ሳታወጡ እግራችሁን አንሱ። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ የሚመጣ ቀጭን ፉጨት የፒኞንና የኮሮና (ኃይሉን የሚያስገባው ትንሹ ማርሽና እሱ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ) ጥርሶች በመጎተቻ ጎናቸው በትክክል እንደማይነካኩ ይጠቁማል። እግር ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፒኞኑ ላልቷል፤ ከኩሽኔታዎቹ ላይ ሊኖር የሚገባው ጥብቀት ጠፍቷል ማለት ነው። ነዳጅ ተሰጠም ተነሳም የማይለወጥ ጉርምርምታ ደግሞ ከኩሽኔታ ነው። አሁን ማርሹን ፎሌ አድርጉና መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ተዉት። ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ መሪውን በእርጋታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዙት። ወደ አንድ በኩል ሲታጠፍ የሚጨምር፣ ወደ ሌላው ሲታጠፍ የሚቀንስ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎማ ስለሚሄድ። የመንገዱ ገጽ ሲቀየር ድምፁም የሚቀየር ከሆነ ጎማው ራሱ ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው መኪና ለሚገዛ ብቻ አይደለም። የጎማ ኩሽኔታ ያለቀበትን መኪና «ዲፈረንሻል ይቀየር» ብሎ የሚያስከፍል ጋራዥም አለና።

ቀጥሎ ጠባብ ሙሉ ዙር፣ በጣም ቀስ ብላችሁ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ። የኋላ ጎማዎቹ የሚዘሉ፣ የሚጮሁና መኪናውን የሚያንቀጠቅጡ ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ ቀላል ነው፦ በፍሪሲዮን ሸራ የሚሠራ ኤል ኤስ ዲ ውስጥ የሚገባው ማለስለሻ ተጨማሪ ተዘንግቷል ወይም ዘይቱ አርጅቷል። ትክክለኛው ዘይትና ማለስለሻ ገብቶ ስምንት ቁጥር እየሠሩ በዝግታ ከነዱት በኋላ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ የውስጥ ማርሾቹ በብየዳ ተጣብቀዋል። ለድሪፍት (መኪናን በጎን ለማንሸራተት) ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ለሻጩ «ሁለቱም ጎማ ይጎትታል» ብሎ ለማሳየትም ይመቸዋል። መታጠፊያ ላይ ግን የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። ብየዳው ይህን ስለሚከለክል ጎማ ይፋቃል፣ አክስሎች ይጠመዘዛሉ፣ እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ የመኪናው ጅራት ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ለዕለት ተዕለት መንገድ የሚሆን መኪና አይደለም።

አሁን መኪናው ይነሳ። ደልዳላ ቦታ፣ የፊት ጎማዎች ተወትፈው፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከመሬት ለቀው፣ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በመደገፊያ ብረት ላይ። ፎሌ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። አንዱን የኋላ ጎማ በእጅ አዙሩት። ሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ በቀላሉ ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ሊሆን ይችላል። አብሮ ከዞረና አንዱን አጥብቆ በመያዝ ሌላውን በኃይል ማንሸራተት ከተቻለ ሸራ ያለው ወይም ቪስኮስ (በወፍራም ሲሊኮን ፈሳሽ የሚሠራ) ኤል ኤስ ዲ ነው። አንዱን ይዘው ሌላውን በምንም ኃይል ማዞር ካልተቻለ ብየዳ ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ቶርሰን የሚባለው በማርሽ የሚሠራ ኤል ኤስ ዲ ጎማው አየር ላይ እያለ እንደ ተራ ዲፈረንሻል በተቃራኒ ሊዞር ይችላል። ኃይል የሚያከፋፍለው ሁለቱም ጎማዎች መሬት ሲቆነጥጡ ነውና። ሆንዳ ኤስ2000 ከፋብሪካው የወጣው በቶርሰን ነው። የመጀመሪያዎቹ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪኖች ኤል ኤስ ዲ ሲኖራቸው ቪስኮስ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 1994 ሞዴል ጀምሮ ቶርሰን ሆነ። ኒሳን 350ዜድ ኤል ኤስ ዲ ሲኖረው ቪስኮስ ነው። ስለዚህ የእጅ ሙከራው የሚነግራችሁን ከመኪናው ሞዴል ጋር አገናዝቡ። የቪስኮስ ልዩ ችግር ውስጡ የታሸገው ሲሊኮን ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት መድከሙ ነው። «ኤል ኤስ ዲ አለው» የተባለው እውነት ሆኖ ሳለ ሥራውን ግን ከተወ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲዞር ምንም የማይታገል ቪስኮስ ካገኛችሁ ዋጋውን እንደ ተራ ዲፈረንሻል ተደራደሩ።

መኪናው እንደተነሳ ሬሾውንም ቁጠሩ። ካርዳኑ (ኃይል ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ) እና ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ፣ ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ኤስ2000 ላይ 4 ዙርና ትንሽ መሆን አለበት፤ የፋብሪካው ሬሾ 4.10 ነውና። ማኑዋል ማርሽ ያለው 350ዜድ ላይ 3 ዙር ተኩል ገደማ። ቁጥሩ ካልገጠመ ከሌላ መኪና የተነቀለ ዲፈረንሻል ተገጥሞለት ወይም ጥርሶቹ ተቀይረው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዘይቱ። የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ሳትፈቱ የታችኛውን አትንኩ፤ ላይኛው ዝጎ እምቢ ካለ ያለ ዘይት ትቀራላችሁ። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ። እዚያ ላይ የተሰበሰበ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት የሚለሰልስ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። በጣት መሐል የሚቆረቁር ሽርፍራፊ፣ እንደ መርፌ የሾለ ስንጣሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ድርድሩ እዚያው ያብቃ። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ዘይት ሸራዎቹ መጋየታቸውን ያሳያል። ሻጩ «ትናንት ነው የተቀየረው» ካለ፣ ለምን ትናንት እንደተቀየረ ጠይቁት።

«ታድሷል» ከተባለ ደረሰኝ ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደተቀየረ ይነገራችሁ። ኮሮናና ፒኞን ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር አዲስ ጩኸት መግዛት ነው። በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨመቀች ልኩን የምትይዝ ቱቦ፣ ክራሽ ስሊቭ የምትባለው፣ ካለች አንዴ ከተጨመቀች በኋላ ተመልሳ አትገባም። ፓራዮሊዮ (የዘይት ማገጃ) ለመቀየር ብሎ ዳዶውን ፈትቶ በግምት ያጠበቀ መካኒክ አዲስ ኩሽኔታ በጥቂት ጊዜ ያቃጥላል። ያደሰው ሰው በጥርሶቹ መሐል የተወውን ክፍተት በሚሊ ሜትር መናገር መቻል አለበት። ብዙ መኪኖች ላይ ከ0.10 እስከ 0.20 አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ይገኛል። «በእጄ ነው የምለካው» የሚል መልስ ካገኛችሁ አልታደሰም ብላችሁ ቁጠሩት።

የኤቢኤስና የትራክሽን (ጎማ እንዳይቆለፍና በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠሩት ሥርዓቶች) መብራትን በተመለከተ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። ቁልፉን ስትከፍቱ የኤቢኤስና የትራክሽን መብራቶች በርተው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ካልበሩ ተሸፍነው ወይም ተነቅለው ሊሆን ይችላል። የኤቢኤስ ክፍሉን የማያነብ ርካሽ ስካነር «ኮድ የለም» ማለቱ ምንም አያረጋግጥም። የሚያነበውን አምጡና ቀጥ ባለ መንገድ በ40 ፍጥነት የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት አብራችሁ እዩ። አንዱ ዜሮ የሚያሳይ ወይም የሚዘል ከሆነ ችግሩ ከሴንሰሩ፣ ከሽቦው ወይም ከኩሽኔታው ነው፤ ዲፈረንሻሉን ለመክሰስ ገና ነው።

ጎማዎቹንም አትለፏቸው። የኋላዎቹ ግራና ቀኝ በመጠን፣ በዓይነትና በጥርስ ጥልቀት አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ አዲስ ሆኖ ዲያሜትሩ 650 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው አልቆ 640 ቢሆን በየኪሎ ሜትሩ ከ7 ዙር በላይ ይለያያሉ። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆንም ኤል ኤስ ዲው ሁልጊዜ መታጠፊያ ላይ እንዳለ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ሸራው ይበላል። የኋላ ጎማዎቹ እንዲህ የተደበላለቁበት መኪና ካያችሁ ዘይቱን ሳታዩ አትግዙ።

ማርሽ ሲገባ ወይም ነዳጅ ሲሰጥ «ጓ» የሚል ምት ብቻ ካለ ግን ወዲያው አትሽሹ። ብዙ ጊዜ የዲፈረንሻሉ ማሰሪያ ጎሚኒ ተቀዶ ወይም ክሮቼራ (የካርዳኑ መገጣጠሚያ) ላልቶ ነው። ከሥር ገብታችሁ ካርዳኑን በእጅ ወዲያና ወዲህ ወዝውዙት፤ ዲፈረንሻሉ በሙሉ አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ ጎሚኒው ነው፣ ወጪውም ከማደሻው ጋር አይወዳደርም። ይህን ምት አሳይቶ ሙሉ ዲፈረንሻል ሊያስቀይራችሁ የሚሞክር ካለ ጎሚኒውን በባትሪ አብርቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።