ኦቨናችንን ለገጠመልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮተቤ ባለው የቤተሰቤ ቤት፣ ኪችን ካቢኔት ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ኦቨን የገጠመልንን ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያላችሁም እንድትጠሩት እጠቁማለሁ። ጽሁፉ ረዘም ይላል። «ጎበዝ ነው፣ ደውሉለት» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን የዚህ ሰው ሥራ አብዛኛው ካቢኔቱ ሲዘጋ የሚደበቅ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ደግሞ ያ የተደበቀው ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ኦቨኑን የላከችው ዱባይ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦዋን ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ ስትጋግር ጭሱ ዓይኗን እንደሚፈጀው ታውቃለች። የዱባይ መብራት እንደኛው 50 ኸርዝ ነው፤ ቮልቴጁም ተቀራራቢ ስለሆነ ዕቃው እዚህ መሥራቱ አላሳሰበንም። (ከአሜሪካ ለማስመጣት ያሰባችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ። የዚያ አገር የግድግዳ ኦቨን ለ60 ኸርዝና ለነሱ የ120/240 ቮልት አሠራር የተሠራ ስለሆነ እዚህ አምጥቶ ዝም ብሎ መሰካት አይቻልም።)

ከዚህ ባለሙያ በፊት ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ኦቨኑን አይቶት ነበር። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ላይ ዲቫይደር ማድረግ፣ ብሬከሩ እየወረደ ካስቸገረ ደግሞ አውጥቶ ባለ 32 አምፔር መቀየር። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አለን። እናቴ ደስ አላላትም፤ እኔም አልጣመኝም። ጎረቤታችን ቦይለሯን ያስገጠመችውን ሰው ስልክ ሰጠችን፤ አሁን የማመሰግነውን ባለሙያ፣ ወንድማችንን፣ ያገኘነው በዚህ ነው።

ገና እንደገባ የኦቨኑን በር ከፈተና ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ጽሁፍ አነበበ፦ 3.1 ኪሎዋት፣ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ካርቶኑ ላይ ሒሳቡን እየሠራ አሳየኝ። 3,100 ለ220 ሲካፈል 14 አምፔር ይመጣል። ምጣዳችን 3.5 ኪሎዋት ስለሆነ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለቱ አንድ ሶኬት ላይ ከዋሉ 30 አምፔር ሊሆን ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ደግሞ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ያህል አይሸከምም።

«እህቴ፣ ብሬከሩ የሚጠብቀው ዕቃውን አይደለም፤ ሽቦውን ነው» አለኝ። «የሚወርደው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ነው። ሽቦውን ሳልቀይር ብሬከሩን ባሳድገው ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ማንም አያየውም።»

ይህን ሲነግረን ድምፁ ውስጥ ማስፈራራት አልነበረም። እናቴ ግን ሰምታ ዝም አለች፤ ቀጥላም «በል ልጄ፣ እንዳልከው አድርገው» አለችው።

ለኦቨኑ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ዘረጋለት፤ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ለብቻው። ሽቦውን ስንገዛ አብሬው ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ያቀረበለትን የመጀመሪያውን ጥቅል ጫፉን ልጦ፣ አንዷን ክር በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ላይዋ መዳብ የሚመስለው ክር ውስጧ ነጭ ሆኖ ወጣ። አልሙኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ምንም ክርክር ሳያነሳ መልሶ አስቀመጠውና ሌላ ሱቅ ገባን። እዚያም ፋቀ፤ የሁለተኛው እስከ ውስጡ ቀይ ነበር። ዋጋው ይለያያል፣ አዎ። ግን አልሙኒየም ከመዳብ ያነሰ ነው የሚሸከመው፤ መጋጠሚያው ላይም ቶሎ ይላላል። ሽቦ ለምትገዙ ሁሉ ይህቺን የቢላ ነገር እንድትይዟት እለምናችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ኤርዙ፣ ማለትም ከዕቃ የሾለከ ኤሌክትሪክ ሰው ሳይነዝር ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ይነዝራት ነበር። ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ፣ በተለይ እጇ እርጥብ ሲሆን። የላስቲክ ጫማ ታደርጋለች፣ እግሯ ስር ጣውላ ታነጥፋለች፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠባዩ ነው ተብሎ ታልፏል። ብዙ ቤት እንዲሁ እንደሚታለፍ አውቃለሁ። ወንድማችን ይህን ሲሰማ የያዘውን ሥራ ትቶ የኪችኑን ሶኬቶች አንድ በአንድ ፈታቸው። የኤርዝ ቀዳዳቸው ባዶ ነው። ከውጭ ሲታዩ ለሦስት ሽቦ የተሠሩ ናቸው፣ ከኋላቸው ግን የገባው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ኤርዝ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ስለዚህ ኦቨኑን ከመንካቱ በፊት ግቢ ወጣ። ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ አፈሩ ርጥበት የማያጣበት ቦታ መርጦ መዳብ የተለበጠ የ1.5 ሜትር ዘንግ በመዶሻ አስገባ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲወርድ የሚገጥመውን እንቅፋት በመለኪያው ለካ፤ ንባቡ ከፍ ስላለ አልወደደውም። አጎቴ «ጨውና ከሰል ጨምርበት» ብለው ነበር፤ እሱም በአክብሮት «ጋሼ፣ ጨው ለጊዜው ይረዳል፣ በኋላ ግን ዘንጉን ይበላዋል፣ ዝናብም ያጥበዋል» አላቸው። ከዚያ ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ሁለተኛ ዘንግ ቀበረና ከመጀመሪያው ጋር በወፍራም መዳብ አገናኘው። እንደገና ሲለካ ከ10 ኦም በታች ወረደለት። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ የራሱ ቤት ነበር የሚመስለው።

ኤርዙን ለምጣዱም፣ ለማቀዝቀዣውም፣ ለልብስ ማጠቢያውም አደረሰው። ከዚያም ሊኬጅ ብሬከር አስገባ፤ 30 ሚሊአምፔር እንኳ መንገዱን ስቶ ወደ መሬት ከሄደ መብራቱን የሚቆርጥ ነው። ምጣዱ እንደተሰካ ብሬከሩ ጠብ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን «የተበላሸ ብሬከር ነው» ብሎ ያወጣው ነበር። እሱ ግን ምጣዱን ገለበጠው። ኃይል በሚገባበት በኩል ሽቦው ላይ ከሚሰኩት የሸክላ ዶቃዎች ሁለቱ ተሰብረው ወድቀዋል፤ እርቃኑን የቀረው ሽቦ የምጣዱን ብረት ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። በመሃል ያለው ጥቀርሻና ርጥበት ነበር እናቴን ሲነዝራት የኖረው። ዶቃዎቹን ቀየረ፣ ጠረገው፣ መልሶ ሰካው፤ ብሬከሩም ጸና። ለዚህ የተለየ ዋጋ አልጠየቀም። እናቴ አሁን ያለ ጣውላ ቆማ ትጋግራለች። እጁ ይባረክ፣ ዘሩ ይባረክ ብላለች፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

ካቢኔቱን በተመለከተ አብሮት የሚሠራው አናጢም ምስጋና ይገባዋል። ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን መመሪያ ዘርግተው ሥዕሉን እያዩ ነው የለኩት። ኦቨኑ የሚገባበት ክፍት ቦታ 56 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 60 ቁመት፣ ቢያንስ 55 ጥልቀት ይፈልጋል። የኛ ካቢኔት ከውጭ 60 ሆኖ ግራና ቀኙ ባለ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ስለሆነ ከውስጥ 56.4 ቀርቶታል፤ ልክ ነው። ችግሩ ጀርባው ነበር። ካቢኔቱን የሠራልን ድርጅት ጀርባውን ድፍን አድርጎ ዘግቶታል። ኦቨን ደግሞ መተንፈስ አለበት፤ ከታች ቀዝቃዛ አየር ገብቶ በጀርባ በኩል ሞቃቱ ወደ ላይ ካልወጣ ሙቀቱ ኤምዲኤፉን ያደርቀዋል፣ የጠርዙ ላስቲክ ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል፣ ኦቨኑም ራሱ ዕድሜው ያጥራል። አናጢው የኦቨኑን ክፍል ጀርባ በጂግሶ ቆርጦ አወጣው፤ ከላይና ከታች ያሉት መደርደሪያዎች ላይም ከኋላ በኩል 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ተወላቸው።

መደርደሪያው በትናንሽ ፒኖች ብቻ ነበር የቆመው። ኦቨኑ ባዶውን 35 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ላዩ ላይ ድስቱና ትሪው ይጨመራል። ስለዚህ ከስሩ በግራና በቀኝ ጠንካራ ጣውላ በብሎን አሰሩለት፣ ረጅሙን ካቢኔትም ከግድግዳው ጋር በብረት ያዙት። ውሃ ልኩን አስቀምጠው አረፋዋ መሃል እስክትቆም ድረስ አስተካከሉ። የተዛነፈ ኦቨን ውስጥ የኬክ ሊጥ ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብል ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አናጢው ነው።

ሶኬት ኦቨኑ ጀርባ አላደረጉም። ኃይሉ የሚቆረጥበት ማብሪያ ማጥፊያ አጠገቡ ባለው ካቢኔት ውስጥ፣ በር ከፍቶ እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው ያለው። አደጋ ቢመጣ ኦቨን ጎትቶ አውጥቶ ሶኬት የሚነቅል ሰው የለምና ይህቺ ውሳኔ በጣም ነው ያስደሰተችኝ። ከኦቨኑ የሚወጡት ሦስቱ ሽቦዎች፣ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኤርዝ፣ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ሲታሰሩ ጠርቶ አሳየኝ።

ሲያነሱት በሩን አውልቀው ነው፤ ያለ በሩ ይቀላል፣ መስታወቱም አይጎዳም። በሩ ላይ ያለውን እጀታ ይዞ ማንሳት እንደማይቻል ለታናሽ ወንድሜ ደጋግመው ነገሩት፤ ማጠፊያው ይጣመማል። ለሁለት ሆነው ከጎን ባሉት መያዣዎች አነሱት፣ ቀስ ብለው ገፉት። የጎን ብሎኖቹን ከማሰራቸው በፊት ኤምዲኤፉ እንዳይሰነጠቅ በቀጭን ድሪል በሱት። በኦቨኑና በካቢኔቱ መካከል የቀረችውን ቀጭን ክፍተት እናቴ በሲልከን እንዲደፍኗት ጠይቃ ነበር፣ አቧራ እንዳይገባ ብላ። «እማማ፣ ይቺ ትቅር፣ መተንፈሻው ናት» ብሎ አግባብቷት ተወ።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። መስኮቶቹን አስከፈተና ኦቨኑን ባዶውን 250 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አነደደው። መጀመሪያ ላይ የፋብሪካ ዘይት የሚቃጠል ሽታ አለው፤ ያ እስኪወጣ ምግብ አይገባበትም። እሱ ግን ሽታውን ብቻ አልነበረም የሚጠብቀው። በመለኪያው ሽቦውን አቅፎ ያዘና 13.8 አምፔር አነበበ፤ ካርቶኑ ላይ ከጻፈው ብዙም አልራቀም። የካቢኔቱን ጎን በመዳፉ እየዳሰሰ ሙቀቱን ተከታተለ። ሰዓቱ ሲያልቅ ኃይሉን ቆርጦ የብሬከር ሳጥኑን ከፈተና ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጠበቀ፤ ሽቦ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያው ሊላላ ይችላል፣ እሳት የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ከላላ መጋጠሚያ ነው አለን።

ለእናቴ ሦስት ነገር አስተምሯት ሄደ። ሊኬጅ ብሬከሩ ላይ ያለችውን የ«ቴስት» ቁልፍ በየወሩ እንድትጫን። ኦቨኑ ከጠፋ በኋላ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ለጥቂት ጊዜ ስለሚሠራ እስኪቆም ማብሪያ ማጥፊያውን እንዳትነካ። መብራት ከሄደ ደግሞ ኦቨኑን ዜሮ ላይ መልሳ ማጥፊያውን እንድትዘጋ፤ መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል እስኪረጋጋ ትንሽ እንድትታገስ። ምጣዱና ኦቨኑ አሁን መስመራቸው ቢለያይም በአንድ ላይ ባታበሯቸው ይመረጣል ብሏል፤ ዋናው ቆጣሪ ያው አንድ ነው። ቆጣሪውን ቀይርልን ስንለው ግን እጁን አላስገባም። «ማህተሙ የመብራት ኃይል ነው፣ 905 ደውላችሁ አመልክቱ» አለ።

ስለ ዋጋ ለምትጠይቁኝ፦ ካነጋገርናቸው ሁሉ ርካሹ አልነበረም። ግን የዕቃውን ዝርዝር አስቀድሞ በወረቀት ሰጥቶናል፣ ደረሰኙን ሁሉ አስረክቧል፣ የተረፈውን ሽቦም ጠቅልሎ ለኛ ትቷል። የእጅ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ የተቀበለው ሥራው ከተሞከረ በኋላ ነው። ቦይለር፣ ምጣድ፣ ኦቨን፣ የቤት ኤርዝ ይሠራል፤ አናጢውንም ከፈለጋችሁ አብረው ይመጣሉ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላሰፈርኩም፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ እልካለሁ፣ እሱም ተስማምቷል። የሥራ ቀኑ ስለሚጨናነቅ ለበዓል የምትፈልጉት ቀደም ብላችሁ ያዙት። ከመደወላችሁ በፊት የኦቨኑን በር ጠርዝ ላይ ያለውን ጽሁፍና የብሬከር ሳጥናችሁን ፎቶ አንሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።