የጣት ኦክስጅን መለኪያዋን ወድጃታለሁ፣ ግን አንድ ነገር አለ

እናቴ ከሳንባ ምች ካገገመች በኋላ ነው ይህችን ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ የገዛኋት። ዕድሜዋ ከ65 አልፏል፣ አስምም አለባት። ሁለቱም ለሳንባ ምች ያጋልጣሉ።

አሠራሯ ደስ ይላል። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፍና ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ታሰላለች። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 በመቶ ታሳያለች። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ እናቴ ያለ መነጽር ታነበዋለች።

እጅ ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ቀለም ሲኖረው ትሳሳታለች። እሱስ ይሁን፣ እጅን አሙቆ ቀለሙን ማስለቀቅ ነው። የከነከነኝ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የኦክስጅን ማነስን ሳያዩ የማለፋቸው ነገር በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል፣ የእኛ ቆዳ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ታዲያ ማሸጊያው ላይ ስለዚህ አንድ ቃል እንኳ እንዴት አይጻፍም?

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻታለሁ። በየቀኑ እንጠቀምባታለን፣ ለውጡን በደብተር እጽፋለሁ። እናቴ ትንፋሽ ካጠራት ግን 96 ብታሳይም ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው የምወስዳት።