ከ8 ወር በኋላ፦ መለኪያው ደህና ነው፣ ሲሊንደሩን ግን ለይታችሁ ግዙ

ድሬዳዋ ውስጥ በለስላሳ መጠጥ ሙሌት ክፍል 8 ወር ያገለገለ፣ አየሩን በፓምፕ የሚስብና እስከ 10,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል ስንቱ ጋዙ እንደሆነ) የሚያነብ የኢንፍራሬድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ነው። ሴንሰሩ አልደከመም፤ ባትሪውም አንድ ፈረቃ ይጨርሳል። ቅሬታው መመሪያው ላይ ነው፤ ለማስተካከል «1,000 ፒፒኤም ጋዝ ስጡት» ብሎ ያልፋል እንጂ የማስተካከያ ሲሊንደሩ ቀሪ ጋዝ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የተቀላቀለበት ሌላው ጋዝ፣ ምን ይሁን አይልም።

ቀሪው ጋዝ ደግሞ ንባቡን ይነካል። መሣሪያው የሚያየው 4.26 ማይክሮሜትር አካባቢ የተዋጠውን ብርሃን ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጋጭ የሚውጣቸው መስመሮች ይሰፋሉ፤ ናይትሮጅን ከኦክስጅን የበለጠ ያሰፋቸዋል። በናይትሮጅን ሲሊንደር ተስተካክሎ አየር የሚለካ መሣሪያ ስለዚህ ጥቂት አሳንሶ ያነባል። ቀሪ ጋዙ ሰው ሠራሽ አየር (የናይትሮጅንና የኦክስጅን ድብልቅ) የሆነ ሲሊንደር ይመረጣል፤ ካልተገኘ ለሠራተኛ ደህንነት ቁጥጥር ናይትሮጅኑም ይበቃል። ዋናው ነገር ሁለቱን አለማቀያየር ነው፤ አንድ ወር በዚህ፣ አንድ ወር በዚያ ከተስተካከለ የሴንሰሩ መንሸራተት (ንባቡ በጊዜ ብዛት መዛባቱ) እና የጋዙ ልዩነት አይለዩም።

ከዚህ የሚብሰው የአየር ግፊት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቷ ወደ 877 ሄክቶፓስካል ነው፤ በባሕር ወለል ተስተካክሎ የመጣ መሣሪያ 1,000ውን 870 ገደማ ያሳያል። እዚሁ በሲሊንደር ሲስተካከል ስህተቱ ይጠፋል፣ ጋዙም የሚያልፈው በዚሁ ግፊት ነውና። ያው መሣሪያ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርስ ግን እንደገና 8 በመቶ ያህል ይወርዳል። እዚያው ድጋሚ ማስተካከል ግድ ነው።

አሠራሩ፦ መሣሪያው 30 ደቂቃ ይሙቅ፣ ጋዙ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ይፍሰስ፣ ቁጥሩ ለ3 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ሲቆይ ይመዝገብ። የመውጫው ቱቦ ከታጠፈ ውስጡ ግፊት ይጠራቀማል፤ ንባቡ ከፍ ብሎ ይስተካከልና በኋላ ሁሉም ልኬት ያንሳል። የሲሊኮን ቱቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሳልፍ አጭር ይሁን።

የሲሊንደር ጋዝ ደረቅ መሆኑም አይረሳ። በ35 ዲግሪና በ40 በመቶ እርጥበት የውሃ ተን ብቻውን አየሩን 2.6 በመቶ ያቀጥነዋል፤ 1,000 የነበረው 974 ቢል መሣሪያው አልተበላሸም።

«ራሱን ያስተካክላል» የሚባለውን ቅንብር አጥፉት። የሳምንቱን ዝቅተኛ ንባብ የውጭ አየር ነው ብሎ ወደ 400 ይጎትተዋል፤ ጋዝ ሁልጊዜ በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ደግሞ አደጋውን የሚደብቀው እሱ ነው።